ኃላፊነት በሥራው ውስጥ፦ የንግድ ፈጠራና የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት



የዚህ ንግግር ዓላማ አብዛኛውን ጊዜ ተለያይተው የሚታዩትን ሁለት ጉዳዮች፣ ማለትም የንግድ ፈጠራንና የድርጅቶችን ማኅበራዊ ኃላፊነት፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝምድናቸውን መመርመር ነው። በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ፈጠራ የምርምርና የገበያ ክፍሎች ሥራ ነው፤ ማኅበራዊ ኃላፊነት ደግሞ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይተዋል። አንዱ ገንዘብ የሚያስገባ፣ ሌላው ገንዘብ የሚያስወጣ ተደርጎ ስለሚታሰብም የሁለቱ ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው። እዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ ግን ይህ ክፍፍል ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው የሚል ነው፤ የአንድ ድርጅት ኃላፊነት በዋናነት የሚታወቀው ካተረፈ በኋላ በሚሰጠው ልገሳ ሳይሆን፣ የሚያተርፍበትን ሥራ በሚነድፍበት፣ የፈጠረውን ነገር ባለቤትነት በሚጠቀምበትና የሥራውን ጉዳት በሚሸከምበት መንገድ ነውና። ንግግሩ በመጀመሪያ የሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች ትርጉም ያብራራል፤ ቀጥሎ ኃላፊነት በንድፍ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ከመኪና ኢንዱስትሪ በተወሰዱ ሁለት ተቃራኒ ታሪኮች ያሳያል፤ ከዚያም የባለቤትነትን ጥያቄ በአንድ መድኃኒት ታሪክ ይመረምራል፤ በመጨረሻም ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳል። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ፈጠራ ምን እንደሆነ ማየት ይገባል። ለዚህ ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው ኦስትሪያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆሴፍ ሹምፒተር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዳስተማረው፣ የንግድ ፈጠራ ማለት አዲስ ዕቃ ማውጣት ብቻ ሳይሆን አዲስ የአመራረት ዘዴ መጠቀም፣ አዲስ ገበያ መክፈት፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ ማግኘት ወይም ሥራውን በአዲስ መልክ ማደራጀትም ጭምር ነው። በዚህ አመለካከት አንድ ሐሳብ በቤተ ሙከራ ወይም በወረቀት ላይ እስከቀረ ድረስ ግኝት ሊባል ቢችልም፣ ሰዎች ወደሚጠቀሙበት ሥራ ሲለወጥና የኑሮን ልማድ ሲቀይር ብቻ በትክክል ፈጠራ ይሆናል። ይህ ትርጉም ከወዲሁ አንድ ነገር ያሳስባል፦ ፈጠራ በሰዎች ኑሮ ውስጥ ገብቶ የሚፈጸም ተግባር እንደመሆኑ መጠን ማኅበራዊ ውጤት የሌለው ፈጠራ ሊኖር አይችልም፤ ጥያቄው ውጤቱ ታስቦበት መጣ ወይስ ሳይታሰብ ደረሰ የሚለው ብቻ ነው።

የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለው ደግሞ አንድ የንግድ ድርጅት ለባለአክሲዮኖቹ ከሚያስገኘው ትርፍ ባሻገር ለሠራተኞቹ፣ ለደንበኞቹ፣ ለአካባቢው ነዋሪና ለተፈጥሮ ሀብት ያለበትን ግዴታ የሚመለከት አስተሳሰብ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ሃዋርድ ቦወን በ1953 ስለ ነጋዴዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን የትምህርት ዘርፍ ሲያደርገው፣ ኤድዋርድ ፍሪማን በ1984 ድርጅቱ በሚሠራው ሥራ የሚነኩትን ወገኖች ሁሉ ባለድርሻ ብሎ በመሰየም አስተሳሰቡን አስፍቶታል። በሌላ በኩል ዕውቁ የኢኮኖሚ ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ የሕግንና የሐቀኛ ውድድርን ወሰን እስካልጣሰ ድረስ የአንድ ድርጅት ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ብቻ እንደሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ የባለአክሲዮኖችን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ቢያውለው የራሱ ያልሆነውን እንደሰጠ እንደሚቆጠር ተከራክሯል።

የፍሪድማን ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ ባይሆንም፣ በጥንቃቄ ሲታይ በይበልጥ የሚያነጣጥረው ከትርፍ ተቀንሶ በሚሰጠው ልገሳ ላይ ነው። ትርፉ ራሱ እንዴት እንደተገኘ፣ ማለትም ዕቃው የገዢውን ሕይወት ይጠብቃል ወይስ ለአደጋ ያጋልጣል፣ ፋብሪካው ወንዙን ያጠራል ወይስ ይበክላል የሚለው ጥያቄ ግን በበጎ አድራጎት በጀት የሚመለስ ሳይሆን በራሱ በንግዱ ሥራ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። ማይክል ፖርተርና ማርክ ክሬመር በ2011 ባቀረቡት የጋራ እሴት አስተሳሰብም የኅብረተሰቡን ችግር የሚፈታ ሥራ ለድርጅቱም የውድድር ብልጫ ሊሆን እንደሚችል አስገንዝበዋል። ፈጠራና ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው፤ ነባሩ አሠራር ትርፍን ከጉዳት ጋር አስተሳስሮ በሚገኝበት ቦታ ሁሉ ያንን ትስስር መፍታት የሚችለው አዲስ ዘዴ ነውና።

ከዚህ በመነሣት ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ኃላፊነት በንድፍ ውስጥ ስለሚገባበት መንገድ እንለፍ። የስዊድኑ የመኪና አምራች ቮልቮ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒልስ ቦህሊን የተባለ መሐንዲስ ቀጠረ፤ ይህ ሰው ከዚያ በፊት በሳዓብ ኩባንያ አብራሪን በአደጋ ጊዜ ከአውሮፕላን አስፈንጥሮ የሚያወጣ ወንበር ሲነድፍ የቆየ በመሆኑ፣ የሰው አካል ድንገተኛና ኃይለኛ ግፊት ሲደርስበት ምን እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በጊዜው በብዛት የነበረው የመኪና ቀበቶ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ስለነበር ተሳፋሪውን ከወንበሩ ጋር ቢያቆየውም፣ ደረቱንና ራሱን ወደፊት ከመወርወር አያድንም፤ አልፎ ተርፎም በከባድ ግጭት ጊዜ የሆድ ዕቃን ይጎዳ ነበር። ቦህሊን የነደፈው በሦስት ነጥብ የሚያዝ ቀበቶ ግን ትከሻንና ዳሌን አንድ ላይ አቅፎ የግጭቱን ኃይል ጠንካራ በሆኑት አጥንቶች ላይ የሚያሳርፍ ከመሆኑም በላይ፣ ማንም ሰው በአንድ እጁ ስቦ ሊቆልፈው የሚችል ነበር። ይህ ሁለተኛው ባሕርይ ከመጀመሪያው ያነሰ ግምት ሊሰጠው አይገባም፤ ሰው የማይጠቀምበት መከላከያ ማንንም አያድንምና።

ቀበቶው ከ1959 ጀምሮ በቮልቮ መኪናዎች ላይ ተገጠመ። ኩባንያው በሥራው ላይ ፓተንት፣ ማለትም ፈጣሪው ለተወሰነ ዘመን ብቻውን እንዲጠቀምበት መንግሥት የሚሰጠውን መብት፣ ያገኘ ቢሆንም ሌሎች አምራቾች ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ውሳኔው በእጁ የነበረውን የውድድር ብልጫ የሚያሳጣው ቢመስልም፣ ቮልቮ ለሰው ሕይወት የሚጠነቀቅ ኩባንያ የሚለውን ስም አትርፎበታል፤ ይህም ስም ከስድሳ ዓመት በላይ ገበያውን ጠብቆለታል። ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ቀበቶው በመኪናው ውስጥ እያለ ለረጅም ጊዜ ብዙ አሽከርካሪዎች አያስሩትም ነበር፤ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በ1970 ቀበቶ ማሰርን በሕግ ግዴታ ካደረገችና ሌሎች አገሮች ከተከተሏት በኋላ ግን ጥቅሙ በሰፊው ታየ። ስለዚህ በኃላፊነት የተሠራ ፈጠራ ሙሉ ፍሬ የሚያፈራው የድርጅቱ ቅንነት፣ የመሐንዲሱ ጥበብና የመንግሥት ሕግ ሲተባበሩ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ከዚሁ ኢንዱስትሪ የተወሰደው ሌላው ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በመስከረም 2015 እንዳስታወቀው፣ የጀርመኑ ቮልክስዋገን በናፍጣ በሚሠሩ መኪናዎቹ ላይ መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ለይቶ የሚያውቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጭኖ ነበር፤ በምርመራው ጊዜ የጭስ መቆጣጠሪያው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ፣ መኪናው ወደ መንገድ ሲወጣ ግን ለጤና ጎጂ የሆነው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ከተፈቀደው መጠን እስከ 40 እጥፍ ይወጣ ነበር። ኩባንያው ፕሮግራሙ በዓለም ዙሪያ በ11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ላይ መኖሩን አመነ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም በዚያው ወር ከሥልጣን ወረደ።

ከቴክኒክ አንጻር ብቻ ቢታይ ይህም የረቀቀ ፈጠራ ነበር፤ ጥበቡ የዋለው ግን ችግሩን ለመፍታት ሳይሆን ችግሩን ለመሸሸግ ነው። ይበልጥ የሚያስተምረው ደግሞ ማታለሉ በይፋ ከመገለጹ ከጥቂት ቀናት በፊት ያው ኩባንያ በዓለም አቀፍ የዘላቂነት መመዘኛ ከመኪና አምራቾች ሁሉ በቀዳሚነት ተቀምጦ የነበረ መሆኑ ነው። መዛኞቹ ያዩት በአብዛኛው የኩባንያውን ሪፖርቶችና የፖሊሲ ሰነዶች ሲሆን፣ በሞተሩ ውስጥ የተቀመጠው ውሳኔ በሪፖርቱ ውስጥ አልተጻፈም። ስለሆነም የማኅበራዊ ኃላፊነት ክፍሉ የቱንም ያህል ቢደራጅና ሪፖርቱ ቢያምር፣ ንድፍ በሚወጣበት ክፍል ውስጥ ሕሊና ከሌለ ኃላፊነት በድርጅቱ ውስጥ አለ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው ክፍል የሚመለከተው የባለቤትነትን ጥያቄ ነው፦ የሰውን ሕይወት የሚያድን ነገር የፈጠረ ድርጅት፣ ፈላጊዎቹ መግዛት የማይችሉ በሆኑ ጊዜ ምን ይገባዋል? ለዚህ ጥያቄ ኢቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ታሪክ ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ጃፓናዊው ሊቅ ሳቶሺ ኦሙራ ከአገሩ አፈር ከለያቸው ረቂቅ ሕዋሳት መካከል አንዱ ጥገኛ ትሎችን የሚገድል ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ፣ ዊልያም ካምቤልና ባልደረቦቹ በአሜሪካው የመርክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ አረጋገጡ፤ ሁለቱ ሊቃውንት በ2015 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉትም በዚህ ሥራ ነው። መድኃኒቱ በ1981 ለቤት እንስሳት ሕክምና ለገበያ ቀርቦ ለኩባንያው ከፍተኛ ገቢ አስገኘ።

ይሁን እንጂ ያው መድኃኒት በሰው ላይ ኦንኮሰርሲያሲስ የተባለውን በሽታ ሊከላከል እንደሚችል ታወቀ። ይህ በሽታ በኃይል በሚፈሱ ወንዞች ዳር የምትራባ ጥቁር ዝንብ ስትናከስ የሚተላለፍ ትል የሚያስከትለው ሲሆን፣ የማያቋርጥ የቆዳ ማሳከክና በመጨረሻም ዕውርነት ስለሚያመጣ በምዕራብ አፍሪካ ነዋሪዎች ለሙን የወንዝ ዳር መሬት ጥለው እንዲሸሹ እስከማድረግ ደርሶ ነበር። በሽታው የሚያጠቃቸው ሰዎች በዓለም እጅግ ድኾች ከሚባሉት መካከል ስለነበሩ መድኃኒቱ ቢመረትም የሚገዛው አልነበረም፤ ወጪውን የሚሸፍን ወገንም ተፈልጎ አልተገኘም። በ1987 የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሮይ ቫጌሎስ መድኃኒቱ ለዚህ በሽታ በሚያስፈልገው መጠን ሁሉ፣ እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ በነጻ እንደሚሰጥ አስታወቁ። መድኃኒቱ ለጋውን ትል እንጂ ያደገውን ስለማይገድልና ያደገው ትል በሰው አካል ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ስለሚኖር፣ ቃሉ የአንድ ጊዜ ስጦታ ሳይሆን ለዘመናት የሚዘልቅ ግዴታ ነበር፤ እስካሁንም አልታጠፈም።

ይህ ከተራ ልገሳ በምን ይለያል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው ልዩነት ኩባንያው የሰጠው ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለውን ገንዘብ ሳይሆን፣ ከእርሱ በቀር በዚያ ጊዜ ማንም ሊሰጠው የማይችለውን የራሱን የፈጠራ ውጤት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ልዩነት ደግሞ ስጦታው ራሱ ሌላ ፈጠራ መጠየቁ ነው፤ መድኃኒቱን ሐኪም ወደሌለበት መንደር ማድረስ የሚቻለው በአዲስ አደረጃጀት ብቻ ነበርና። መፍትሔው የተገኘው ኅብረተሰቡ ራሱ ከመካከሉ አዳዮችን መርጦ፣ የእደላውን ጊዜና ቦታ ወስኖ ሥራውን እንዲመራ በማድረግ ሲሆን፣ ሚዛን በማይገኝበት ቦታም መጠኑ በሰውየው ክብደት ፈንታ ምልክት በተደረገበት እንጨት ቁመቱን በመለካት እንዲወሰን ተደርጓል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ካፋንና ሸካን በመሳሰሉ አካባቢዎች፣ መድኃኒቱ ለሕዝቡ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። በሽታው ከበርካታ የላቲን አሜሪካ አገሮች የጠፋ ሲሆን፣ ከአፍሪካም ኒጀር በ2025 መጀመሪያ ሥርጭቱን ማቋረጧ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትርፍና ኃላፊነት ጠላቶች ሆነው አልተገኙም፤ ኩባንያው ለሰዎች በነጻ መስጠት የቻለው ያው ፈጠራ በእንስሳት ሕክምና ገበያ አትራፊ ስለነበረ ነው።

እስከዚህ የተባለው በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ አራተኛው ክፍል ጉዳዩን ወደ አገር ቤት ያመጣዋል። በኢትዮጵያ ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲነሣ ወዲያው ወደ ሐሳብ የሚመጣው በበዓላት ዋዜማ የሚደረግ ማዕድ ማጋራት፣ ትምህርት ቤት ማሠራት፣ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈርና ለተቸገሩት መለገስ ነው። ይህ ባህል ከሕዝቡ እምነትና መተጋገዝ የመነጨ፣ ሊከበርም ሊቀጥልም የሚገባው መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ድርጅት በዓመት አንድ ቀን ማዕድ ስላጋራ ብቻ በተቀሩት ቀናት ለሚያደርገው ነገር ሁሉ መልስ እንደሰጠ ሊቆጠር አይገባም።

ኃላፊነትን በራሱ በሥራው ውስጥ የማስገባት ምሳሌ በኢትዮጵያም አለ። የመድን ድርጅቶች ለረጅም ዘመን አነስተኛ ማሳ ያለውን ገበሬ ሊያገለግሉ ያልቻሉት በአንድ ግልጽ ምክንያት ነበር፤ የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ ለማየትና ጉዳቱን ለመገመት ባለሙያ የመላኩ ወጪ ገበሬው ከሚከፍለው ዓረቦን ይበልጥ ነበር። በ2009 በትግራይ አዲ ሓ በተባለች መንደር ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ኒያላ ኢንሹራንስና የስዊዘርላንዱ የመድን ኩባንያ ስዊስ ሪ ከሌሎች ተባባሪዎች ጋር ጤፍ ለሚዘሩ 200 ያህል ቤተሰቦች አዲስ ዓይነት መድን አቀረቡ። በዚህ አሠራር የእያንዳንዱ ማሳ ጉዳት አይመረመርም፤ በአካባቢው የጣለው ዝናብ በሳተላይት ተለክቶ አስቀድሞ ከተወሰነው መጠን ካነሰ ካሳው በቀጥታ ይከፈላል። ከዚህም በላይ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ ዓረቦኑን በጉልበቱ፣ ማለትም አፈርና ውኃን በሚጠብቁ የልማት ሥራዎች ላይ በመሥራት እንዲከፍል ተፈቀደለት፤ በዚህም መድኑ ለድርቅ ካሳ የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን ድርቅን የሚቋቋም መሬት የሚያዘጋጅም ሆነ። ገበሬዎቹም የዝናቡ ወሳኝ ጊዜ መቼ እንደሆነና የትኞቹ ዓመታት ክፉ እንደነበሩ በመናገር በንድፉ ተሳትፈዋል።

ይህ ሥራ የራሱ ብርቱ ፈተና አለው። የሳተላይቱ መለኪያ በቂ ዝናብ ጥሏል ሲል የአንዱ ገበሬ ማሳ ግን ሊደርቅ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ገበሬው ዓረቦኑን ከፍሎ ካሳ ያጣል። የመድን ድርጅቱ ኃላፊነት የሚፈተነው በዚህ ክፍተት ላይ ነው፤ መድኑን ከመሸጡ በፊት ክፍተቱን ለገበሬው በግልጽ ቋንቋ ማስረዳት፣ መለኪያውን በየዓመቱ ማሻሻልና የተጎዳው የሚካስበትን ተጨማሪ መንገድ ማበጀት ይጠበቅበታል። አዲስ ነገር ማምጣት ብቻውን ኃላፊነትን አይፈጽምም፤ የመጣው ነገር ያጎደለውን መከታተልም የዚያው ግዴታ አካል ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ በሌሎች ዘርፎችም ይነሣል። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ የሚገኙ የአበባ እርሻዎች ከዓሣ አጥማጁና ከከተማው ነዋሪ ጋር አንድ ውኃ ይጋራሉ። የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር በ2007 ለአባላቱ የአሠራር ደንብ ያወጣ ሲሆን፣ በርካታ እርሻዎችም ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ተባይ በኬሚካል ብቻ ከመርጨት ይልቅ ያንን ተባይ የሚበሉ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታትን በመልቀቅ መከላከል ጀምረዋል፤ ይህ ዘዴ የሠራተኛውን ጤናና የሐይቁን ውኃ የሚጠብቅ፣ የእርሻውንም ወጪ ሊቀንስ የሚችል ነው። ክሮሚየም የተባለው ብረት ባለበት ኬሚካል ቆዳ የሚያለፉ ፋብሪካዎችም ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ ወደ ወንዝ ከለቀቁ፣ ያተረፉት ገንዘብ በከፊል የወንዙ ተጠቃሚ ሳይወድ የከፈለው ዕዳ ነው። ስለዚህ የማጣሪያ ቴክኖሎጂን ማስገባትና ኬሚካሉን መልሶ መጠቀም እንደ ችሮታ ሳይሆን ዕዳን እንደ መክፈል ሊታይ ይገባዋል።

ንግግሩን ለማጠቃለል፣ ከቀረቡት ታሪኮች ማንኛውም ድርጅት አዲስ ሥራ ሲጀምር ራሱን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ሥራው የተነደፈው የማንን ችግር ለመፍታት ነው የሚል፣ ሁለተኛው ከዋጋው የተነሣ የሚቀርበት ማን ነው፣ እርሱስ በምን መንገድ ሊደርሰው ይችላል የሚል፣ ሦስተኛው ደግሞ ጉዳት ቢመጣ የሚሸከመው ማን ነው የሚል ነው። ጥያቄዎቹ መነሣት ያለባቸው በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲዘጋጅ ሳይሆን ገና ንድፉ በወረቀት ላይ ሳለ፣ መለወጥ በሚቻልበት ጊዜ ነው።

በመሆኑም የድርጅት መሪዎች የማኅበራዊ ኃላፊነት ባለሙያዎቻቸውን ከሥነ ሥርዓት አዘጋጅነት አውጥተው ምርትና አገልግሎት በሚነደፍበት ስብሰባ ላይ እንዲያስቀምጡ፣ የመንግሥት አካላት በኃላፊነት የሚሠራው ድርጅት በማይሠራው እንዳይበለጥ ሕጉን በሁሉም ላይ እኩል እንዲያስከብሩ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ምህንድስናንና የንግድ ሥራን ከሥነ ምግባር ሳይነጥሉ እንዲያስተምሩ ያስፈልጋል። ሕዝቡም በበኩሉ አንድን ድርጅት ምን ሰጠ ብሎ ብቻ ሳይሆን እንዴት አተረፈ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይህ ጥያቄ በገበያውም በጉባኤውም ሳይታክት እስከተጠየቀ ድረስ ድርጅቶች መልሱን በሥራቸው ለመስጠት ይገደዳሉ።